ቆቡ ከጠበበ ጥርሱ ይሞረድ

ለጥርስ ሕክምና ተቋሙ ክቡር ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልኝ ፈጣን አገልግሎት ምስጋና ስለማቅረብ፣ እንዲሁም በገዛ እጄ የጻፍሁትን አንድ ደብዳቤ ስለመሻር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ በር የጠነከረ፣ እንቅልፍዎ እንደ አስተያየት መስጫ ሣጥንዎ ማንም የማይነካው፣ ጥርሶችዎም ሠላሳ ሁለቱም በየቦታቸው የጸኑ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ደኅንነት ለመጠየቅ ጊዜ እንደማይተርፍዎ ስለማውቅ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎ፤ ከአንገት በታች ደኅና ነኝ፤ ከአንገት በላይ ያለውን ግን ተቋምዎ ስለያዘው፣ ስለ እሱ የማውቀው እርስዎ ከሚያውቁት ያነሰ ነው።

እኔ ከተቋሙ የኋላ አጥር ማዶ ባለው መንገድ የምኖር፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ንባብና የእጅ ጽሕፈት ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተሰናበትሁ ሰው ነኝ። የተማርሁት አንዲት ፊደል ከመስመሯ ስትወጣ ገጹ በሙሉ እንደገና በሚጻፍበት ዘመንና በእንደዚያ ያሉ መምህራን እጅ ስለሆነ፣ ለክብርዎ የሚገባውን ቃል መርጬ ለመጻፍ አቅሙ አያንሰኝም። ይህን ደብዳቤ አሽጌ በመላክ ፋንታ በአደባባይ ያወጣሁበትን ምክንያትም አልሸሽግዎትም፤ ከሁለት ዓመት በፊት አሽጌ የላክሁልዎት ደብዳቤ ምን ሥራ ላይ እንደዋለ በቅርቡ በዓይኔ ስላየሁ ነው። እርሱን በቦታው አነሣዋለሁ።

ደብዳቤውን የሚያነቡ ሌሎች ሰዎች እንዳይቸገሩ፣ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት የሚሆንብኝን ነገር ለእነሱ ባጭሩ ላስረዳ። የሰው ጥርስ ሲሰበር ሐኪሙ የቀረውን ሞርዶ ያስተካክልና በላዩ የብረት ቆብ ያለብሰዋል፤ ሐኪሞቹ ክራውን ይሉታል፣ እኔ ቆብ እለዋለሁ። ቆቡ የሚሠራው አፍ ውስጥ አይደለም። የአፉ ልክ ይወሰድና የጄሶ ጥርስ ይወጣለታል፤ በጄሶው ላይ ቆቡ በሰም ይቀረጻል፤ ሰሙ በቦካ ዱቄት ውስጥ ይቀበራል፤ ዱቄቱ ከጠነከረ በኋላ እቶን ሲገባ ሰሙ ቀልጦ ያልቅና ባዶ ቦታው ይቀራል። ፎርማ የሚባለው ያ ነው፤ የቀለጠው ብረት የሚፈስሰው በእርሱ ውስጥ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ጥርሴን ካጣሁ በኋላ መሆኑን ለትሕትናዬ ማስረጃ አድርገው ይያዙልኝ።

ከዚህ ቀጥሎ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በተቋሙ ዋና በር ላይ በሰቀሉት ትልቅ ሰሌዳ፣ ራስዎ ፈገግ ብለው በተነሡት ፎቶግራፍ ሥር፣ "ፈገግታዎ በአንድ ቀን" ብለው ቃል የገቡልንን ፈጽመዋል። የላይኛው የግራ ክራንቻዬ ተሰብሮ በመጣሁ ጊዜ ጠዋት ልኬ ተወሰደ፣ ከሰዓት በኋላም ቆቡ በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ስሜ ተጽፎበት ደረሰልኝ። በልጅነቴ አጥብቀው ያስተማሩኝ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ቃል ስለነበረ ጥቂት ተጠራጥሬ ነበር፤ ነገር ግን ያስተማሩኝ ሰዎች እቶን ያለው ተቋም መርተው አያውቁምና ጥርጣሬዬን ዋጥ አደረግሁት። ይህ ፍጥነት የተገኘው በአንድ መመሪያ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። ዱቄቱን የሚያቦካው ልዩ ፈሳሽ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲዳረስ እኩል በእኩል በውኃ እንዲቀጥን፣ የቦካውም ፎርማ እስኪጠነክር ሳይጠበቅ ወደ እቶን እንዲገባ አዝዘዋል። ጠበል አይደለም፣ ጥርስ መሥሪያ ነው ብሎ የተከራከረዎ ሰው ባለመገኘቱ፣ ወይም ተገኝቶ የደረሰበት ስለታወቀ፣ ትእዛዙ ያለ ችግር ተፈጽሟል።

ሁለተኛ፦ ቆቡ በጥርሴ ላይ ሲሞከር እንደ ጠባብ ቀለበት ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ወጣቱ ሐኪም ገፋው፣ ነቀለው፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ እንደገና ገፋው። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና አንድ ወረቀት አውጥቶ አነበበልኝ፤ እንዲህ ይላል፦ "ቆቡ በጥርሱ ላይ ሳይገባ ሲቀር፣ ቆቡ ተመርምሮ የወጣ ስለሆነ፣ እስኪስማማ ድረስ ጥርሱ ይሞረድ።" ሐኪሙ ጨዋ ልጅ ነው፤ ፊቱ ቀልቶ፣ "መምህር፣ እኔ የታዘዝሁትን ነው፤ ይቅር ይበሉኝ" አለኝና መሞረጃውን አስነሣ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሞረድሁ። ተማሪዎቼ እርሳስ እየቀረጹ ጉቶ እስኪሆን ሲጨርሱት እቆጣ ነበር፤ ዛሬ ያ ጉቶ በአፌ ውስጥ አለና የቁጣዬን ዋጋ አግኝቻለሁ። በሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ ይህን መመሪያ ስነግረው መቀሱን አስቀመጠና፣ "ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበበ ሱሪ ሳሰፋ የኖርሁት በከንቱ ነዋ፤ ባለቤቱን ማጥበብ ስችል" አለኝ። ለሙያው አዲስ ጎዳና ስለከፈቱለት እርሱም ያመሰግናል።

ሦስተኛ፦ አቤቱታዬን ሳይንቁ ሦስት አባላት ያሉት አጣሪ ቡድን አቋቁመውልኛል። ቡድኑ ቆቡንና የጄሶ ጥርሴን በጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መረመረ፤ ቆቡም በጄሶው ላይ ጣት ጓንት ውስጥ እንደሚገባ ሆኖ ገባ። እኔም ተጠርቼ እንዳይ ተደረገ፤ አየሁ። ያየሁትን ግን ቡድኑ ስላላየው ልናገረው፦ በጄሶው ጥርስ ዙሪያ የቢላዋ ፍቀት ነበረበት፣ የተፋቀውም ቦታ ከሌላው ይልቅ ነጭ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ፍቆ የጻፈን ተማሪ በብርሃን ላይ ይዤ ሳጋልጥ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ፍቀት አይሰወረኝም። በተማሪዎቼ መካከል ያልሠራውን የሚቀዳ፣ ያልገባውን የሚሸመድድ፣ ሌላም ብዙ ዓይነት አጋጥሞኛል፤ መልሱ ትክክል እንዲሆንለት ጥያቄውን የሚፍቅ ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ቡድኑም የሚከተለውን ውሳኔ በማኅተም አጽንቶ ሰጠኝ፦ "ቆቡ ከሞዴሉ ጋር በሚገባ ይስማማል። ከሞዴሉ ጋር ያልተስማማው የታካሚው አፍ ነው።" ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በካርዴ ላይ ይህ ቃል ተጽፎ ይገኛል። ሰባ አንድ ዓመት አብሮኝ የኖረው አፍ የእኔ ልክ እንዳልሆነ የነገረኝ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት የእርስዎ ነው።

አራተኛ፦ ቆቡ በመጨረሻ በብዙ ሙጫ ተጣብቆልኝ ወጣሁ። ባለቤቴ በመጀመሪያው ምሽት፣ "አንተ ሰውዬ፣ ድሮ ስትቆጣ ትጮህ ነበር፤ አሁን ታፏጫለህ" አለችኝ፤ ይህን እንደ በጎ ለውጥ ቆጠረችው እንጂ አልከፋትም። በዘጠነኛው ቀን ግን የሰፈራችን ነዋሪዎች በጎርፍ ማስወገጃው ቦይ ጉዳይ ተሰብስበው፣ አዳራሹ በጫጫታ ሲናወጥ፣ ሊቀመንበሯ በዕድሜዬና በሙያዬ አክብራኝ ሰዉን ዝም እንዳሰኝ ለመነችኝ። ቆምሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ "ጸጥታ" አልሁ። ጸ የምትባለው ፊደል ምን ያህል ኃይል እንዳላት ለልጆች ስነግር ኖሬአለሁ፤ ያን ቀን ራሴ አየሁት። ቆቡ ከአፌ ተነሥቶ በጠረጴዛው ላይ ዐለፈና በሊቀመንበሯ የውኃ ብርጭቆ ውስጥ ገብቶ እንደ ደወል አንዴ አቃጨለ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፍጹም ጸጥታ አስከብሬ አላውቅም። ዝምታውን የሰበረው ያው ልብስ ሰፊ ነው፤ "መምህር፣ ቃልዎ ክብደት አለው ሲባል እንሰማ ነበር፤ እንዲህ በብረት መሆኑን ግን አላወቅንም" አለ። ሊቀመንበሯ የማስታወሻ ደብተሯን በብርጭቆው ላይ ከደነችና ወደ ሁለተኛው አጀንዳ አለፈች። ለዚህ ሁሉ ደስታ ምክንያቱ ተቋምዎ ስለሆነ ነዋሪው በጠቅላላ አመስግኗል፤ ቦዩ እስከ ዛሬ አልተጠገነም።

ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ያለውን በሙሉ ስለ ራሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፈውም ነበር። የተነቀለ ጥርስ በጨዋ ደንብ በመሐረብ ተጠቅልሎ ይቀመጣል እንጂ በአደባባይ አይታይም። አሁን ግን በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ የምለምነው ክፍል ላይ ደርሻለሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ቆቡን በክብሪት ሣጥን ይዤ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የሠራውን ሰው ልክ ልኩን ልነግረው፣ የጥርስ መሥሪያው ክፍል ወዳለበት ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ክፍሉን ምናልባት ከተመረቀበት ቀን ወዲህ ስላላዩት ልግለጽልዎት፦ በግድግዳው ዙሪያ ረጅም ጠረጴዛ፣ በየቦታው የሰም ቢላዎችና ትናንሽ የአልኮል መብራቶች፣ በማዕዘኑ እቶን፣ በመደርደሪያው ላይ በወረቀት የተለጠፈባቸው የጄሶ መንጋጋዎች። በመስኮቱ በኩል ያለው ምርጡ ወንበር ባዶ ነበር። የወንበሩ ባለቤት፣ ወደ ሃምሳ የምትጠጋ ሴት፣ በጓዳው ማጠቢያ ቆማ ሌሎች ጄሶ ያቦኩባቸውን የጎማ ሳህኖች ታጥባለች። ሽርጧን የምትሰቅልበት ችንካር ላይ በቾክ "ኤሊ" ተብሎ ተጽፏል።

የመጣሁበትን ቁጣ በሙሉ በእርሷ ላይ አፈሰስሁት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ እጇን አደራርቃ፣ "መምህር፣ እስቲ አፍዎን ላየው" አለችኝና ወደ መስኮቱ አዞረችኝ። መጀመሪያ የነካችው ክራንቻዬን አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ተቋም የተሠራልኝን የታችኛውን መንጋጋ ቆብ ነው። ጫፉ እንደ መርፌ በቀጠነ መንጠቆ ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ መንጠቆው አንድ ቦታ እንኳ አልያዘም፣ ጥርሱ የት እንዳለቀና ብረቱ የት እንደጀመረ አላወቀም። "እሷስ አለች" አለች ለራሷ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ዘመድ ደኅንነት እንደሰማች ሆና። ቀጥላ ጉቶውን አየች።

"ስንት ጊዜ ሞረዱዎት?"

"ሦስት።"

"ከእንግዲህ አያስነኩት። አንድ ጊዜ ቢደገም የሚቀረው መንቀል ነው።"

ቆቡ ስለወለቀ ወጣቱ ሐኪም አራተኛውን ሙረዳ ለዚህ ሳምንት ዓርብ እንደቀጠረልኝ ነገርኋት። ከዚያ፣ እርስዎን ይቅር ይበልዎትና፣ ማንም የመምሪያ ኃላፊ ያልነገረኝን ነገር የሳህን አጣቢዋ ነገረችኝ፦ "ብረት ቀልጦ ፈስሶ ሲቀዘቅዝ ይሸሻል። ከመቶው ሁለት እጅ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ፎርማው አስቀድሞ በዚያው ልክ ማበጥ አለበት፤ ሲጠነክር ትንሽ ያብጣል፣ እቶን ሲገባም ያብጣል። የሚያሳብጠው ደግሞ ያ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹን ካቀጠኑት ፎርማው ባለበት ይቀራል፣ ብረቱ ይሸሻል፤ የት ይገናኛሉ?" ይህን ያለችው ምሥጢር እንደምታወጣ ሳይሆን፣ ሀ ከለ እንደሚቀድም እንደሚነግር ሰው ነው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ስለ ምግባር ብዙ ሰምቻለሁ፣ ብዙም አስተምሬአለሁ። ነገር ግን ሌላው የሚያንስበትን ልክ አስቀድሞ ዐውቆ ለእርሱ ስፋትን የሚያዘጋጅ ነገር ከሰው ወገን ጥቂት፣ ከመሥሪያ ቤት ወገን ደግሞ ምንም አላየሁም፤ በዱቄትና በውኃ የተቦካ ፎርማ ሲያደርገው በማየቴ ተገሥጬአለሁ። የፎርማው ትዕግሥት ተከፍቶ የሚታይ አይደለም፤ ሥራው ሲያልቅ በመዶሻ ይሰበራልና ማንም አያስታውሰውም። የሚታየው ቆቡ ነው። ልከኛነቱ ግን የእርሱ ነበረ።

"ታዲያ ልጄ፣ አንቺ ለምን አልሠራሽልኝም?" አልኋት።

"ከአራት ወር ወዲህ ሰም አልነካሁም፤ ፈሳሹን አላቀጥንም ስላልሁ። ሐሙስ ክስ አለብኝ።"

"በምን?"

"በመዘግየት።"

የክሱን ግልባጭ ከሽርጧ ኪስ አወጣችና ሰጠችኝ። ሦስት ገጽ ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ እንደተጻፈው፣ ጥፋተኛ ከተባለች ሃያ ሁለት ዓመት ከሠራችበት ወንበር ትሰናበታለች። ሦስተኛው ገጽ "ማስረጃ አንድ" ይላል፤ ከተገልጋይ የቀረበ አቤቱታ ነው። ጽሕፈቱን ከሥሩ ያለውን ስም ሳላይ ዐወቅሁት። የእኔ ነው።

አምስተኛ፦ ይህ ምስጋና አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ለታችኛው መንጋጋዬ ቆብ ዘጠኝ ቀን በጠበቅሁ ጊዜ፣ ቁጣዬን በሚያምር ጽሕፈት ከትቤ በአስተያየት መስጫ ሣጥንዎ ውስጥ አስገብቼ ነበር። "ጥርስ የምጠብቀው ከአንዲት ኤሊ እጅ መሆኑን ባውቅ ኖሮ፣ ጥርሴ ሳይሰበር በፊት በልጅነቴ ባዘዝሁ ነበር" ብዬ ጽፌአለሁ። በወቅቱ ለባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበብሁላት፤ ሳቀች፤ ከዚያ፣ "ሴትየዋን ግን ታውቃታለህ?" አለችኝ። አላውቃትም ነበር። ዘጠኙ ቀን ምን ሲደረግበት እንደዋለ አልጠየቅሁም። ተማሪዎቼን ሳታነቡ አትፍረዱ እያልሁ ያሳደግሁ ሰው፣ አንድ ፎቅ ለመውጣት ሰንፌ በማላውቀው ሥራ ላይ ፈረድሁ። ጽሕፈቴ ጥርት ያለ መሆኑ ውሸቱን ይበልጥ እውነት አስመሰለው። እርስዎም "የኅብረተሰቡን ድምፅ በመስማት" ብለው የአንድ ቀን አገልግሎቱን ያወጁት ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ስለሆነ፣ የዚህ ሁሉ አባት እኔ ነኝ፤ ልጁ የአባቱን ጥርስ በመሞረድ መጀመሩ ፍርድ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ። በችንካሩ ላይ ያለውን ስምም ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ሴትየዋ ደብዳቤው የማን እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። ታውቃለች፤ ከመግባቴ ጀምሮ ታውቃለች። ስድብ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ወረቀቱን ተቀብላ በጥንቃቄ አጠፈችውና፣ "ጽሕፈቱ ግን ያምራል" አለችኝ።

ስለዚህ ያን ደብዳቤ ከዛሬ ጀምሮ ሽሬዋለሁ። ጻፍሁት፣ ተሳሳትሁ፣ አነሣሁት። የማስረጃ አንድ ጸሐፊ ማስረጃው ሐሰት ነው ሲል፣ ክሱ እንደዚያ ቆብ በምን ሙጫ እንደሚጣበቅ ለማየት እጓጓለሁ። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ተጠራሁም አልተጠራሁም፣ በሁለተኛው ፎቅ ኮሪደር በሚገኘው አግዳሚ ወንበር ላይ እገኛለሁ። ሁለት ማስረጃ ይዣለሁ፤ በዘጠኝ ቀን የተሠራው በአፌ ውስጥ ነው፣ በአንድ ቀን የተሠራው በክብሪት ሣጥን ውስጥ ነው። ክሱን ከሚሰማው የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባላት ማንም ያችን ቀጭን መንጠቆ ይዞ ቢመጣ አፌን እከፍትለታለሁ፤ ብረቱና ጥርሱ የሚለያዩበትን ቦታ ካገኘ ክሱን ራሴ ፈርሜ አጸድቅለታለሁ። ካላገኘ ደግሞ የምለምነው ብዙ አይደለም፦ ደብዳቤዬ ከመዝገቡ ወጥቶ እንዲሰጠኝ፣ ሴትየዋ ወደ መስኮቱ ወንበር እንድትመለስ፣ ፈሳሹም ባሕርዩ እንዲመለስለትና ፎርማው የሚጠነክርበትን ሰዓት እንዲያገኝ። የዓርቡ ሙረዳ ለጊዜው ይቆይልኝ፤ ጉቶዬን ለሌላ ሰው እጅ አቆይቼዋለሁ፣ ዘጠኝ ቀንም ቢሆን ዐሥራ ዘጠኝ እጠብቃለሁ።

ይህ ካልሆነ ግን አላስፈራራዎትም፤ ማስፈራራት ከአስተዳደጌ ውጪ ነው። የማሳስብዎት እኔ ጡረተኛ መሆኔን፣ ቀኑ በሙሉ የእኔ መሆኑን፣ ቀለምና ወረቀት እንደማይቸግረኝ፣ ጽሕፈቴም እንደሚያምር በእርስዎ መዝገብ የተመሰከረ መሆኑን ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ በየማስታወቂያ ሰሌዳው በእጄ እየገለበጥሁ ብለጥፍ፣ አንድም ፍቀት አይገኝበትም።

ከፍ ካለ አክብሮት፣ ዝቅ ካለ መንጋጋ፣ ከጸጸትም ጋር፣ ለክብርዎ ረጅም ዕድሜና ጥቂት መመሪያ እየተመኘሁ፣

በተቋሙ መዝገብ "ከሞዴሉ ጋር ያልተስማማ አፍ" ተብዬ የታወቅሁት፣
የቀድሞው የንባብና የእጅ ጽሕፈት መምህር

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለወጣቱ ሐኪም፣ መሳቢያው ውስጥ ካለችው ወረቀት በላይ እንዲያኖራት
ለሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ ሐሙስ ሜትሩን ይዞ እንዲገኝ
ለባለሙያዋ፣ ከይቅርታ ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ በዚያ ክፍል መደርደሪያ ላይ ካሉት የጄሶ መንጋጋዎች አንዱ፣ ቀኑ "ፈገግታዎ በአንድ ቀን" የሚለው ሰሌዳ ከተሰቀለ ሁለት ሳምንት በኋላ የሆነ፣ የትእዛዝ ወረቀቱ ተያይዞበት ተቀምጧል። ባለሙያዋ ዓይኔ ወደዚያ ሲሄድ ፈጥና ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ በዚያ ሁሉ ቆይታዬ ስትቸኩል ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ነገር ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት በልጆች ዴስክ ፊት ለፊት ቆሜ ተገልብጦ የተጻፈ ሳነብ ስለኖርሁ፣ ወረቀቱ ከመዞሩ በፊት አንብቤው ነበር፦ "አይቸኮል። ፈሳሹ ሳይቀጥን፣ እንደ ድሮው በዘጠኝ ቀን ይሠራ።" የማን እንደሆነ መናገር የሌላውን ምሥጢር መግለጥ ስለሆነ አልናገርም። ብቻ በጄሶው መንጋጋ የፊት ጥርሶች መካከል ያለችው ክፍተት፣ በዋናው በር ሰሌዳ ላይ በየቀኑ ከምትስቅልን ክፍተት ጋር በልክ አንድ ናት። ስለዚህ ሐሙስ የስንብቱን ወረቀት የሚፈርሙ ከሆነ ጥርስዎን ነክሰው ይፈርሙ፤ አይስጉ፣ ኤሊ የሠራችው ነውና አይወልቅም።